ከቁስሉ በፊት ጭነቱን

ሰው የእንስሳት ሐኪም መሆኔን ሲሰማ ስለ ቀዶ ሕክምናና ስለ መድኃኒት ይጠይቀኛል። ሙያዬን ስለምወድ ደስ ብሎኝ አወራለሁ። ውስጤ የሚያውቀው እውነት ግን ሌላ ነው። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ብዙ እንስሳ ያተረፈው መርፌ የያዝኩበት ሥራ ሳይሆን ጭነት ያስወረድኩበት ነው። ይህንንም የተማርኩት ጦር ሜዳ ነው።

ከደብረ ዘይቱ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተመርቄ ድሬዳዋ ስገባ ሥራው ብዙ ነበር። ከሐረርጌ ደጋ የማሽላ አገዳ እየተመረጠለት በእጅ የሚጎርስ ሰንጋ ይመጣል። ከኢሳ ቆላ ግመልና ፍየል ይመጣል። ጧት ጧት ደግሞ እንጨትና ከሰል የጫኑ አህዮችና ግመሎች የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጠው ወደ ከተማ ይገባሉ። ዓይኔ ከሁሉም ይልቅ እነዚህ ላይ ያርፍ ነበር፤ ጀርባቸው ገጣባ ነው። ቁስሉን አጥባለሁ፣ የሞተውን ሥጋ እቆርጣለሁ፣ ቅባት እቀባለሁ፣ አንቲባዮቲክ እወጋለሁ። ትምህርቴ ያዘዘኝ ይኸው ነበር።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ። እኔም በእንስሳት ሐኪምነት ሠራዊቱን ተቀላቀልኩ። መኪና የማይወጣው ተራራ ብዙ ነው፤ ምሽግ ድረስ ውኃና ጥይት የሚያደርሱት አህያና በቅሎ ነበሩ። በግንቦት 1992ቱ ማጥቃት አህዮች ከወታደሩ ጋር ተራራ እየወጡ ስንቅና ትጥቅ አድርሰዋል። እኔ ካየኋቸው ውስጥ ጥይት ከመታቸው ይልቅ የጀርባ ቁስል፣ ማነከስና ጥማት ከሰልፍ ያስወጣቸው ይበዙ ነበር። አንድ አህያ ገጣባ ሆኖ ሲቀር የተሸከመው ጄሪካን ወይ በወታደር ትከሻ ይወጣል፣ ወይ ከነጭራሹ ምሽጉ ጋ አይደርስም።

ከጫኞቹ መካከል ከወሎ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን አጋሰስ ሲነዱ የኖሩ አንድ አባት ነበሩ። አንድ ማታ ቁስል ሳጥብ ቆመው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ቁስሉስ የትም አይሄድብህ። ና፣ መጀመሪያ ላቡን እይ» አሉኝ። ገና ጭነቱ የወረደለት ሌላ አህያ ጋ ወሰዱኝ። ጀርባው በላብ ርሷል። በእርጥቡ መሀል ግን፣ ከጫንቃው ወረድ ብሎ፣ መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ አለች። ጣታቸውን ሲያሳርፉባት አህያው ቆዳውን አንቀጠቀጠ። «ይቺ ነገ ትቆስላለች» አሉ። ጭነቱ እዚያች ቦታ ላይ ተጭኖ ስለዋለ ደም በደንብ አልዞረባትም፤ ላብም አልወጣትም። መደላድሉን ገልብጠው ዳበሱና የተቋጠረውን ጭድ በትነው አስተካከሉት። ከዚያ ጭድ የተሞላ ጆንያ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አደረጉለት፤ መሀሉን ነፋስ እንዲያልፍበት ባዶ ተዉት። በማግስቱ ጭነቱ ሲወርድ ያቺ ቦታ እንደ ሌላው ጀርባ ረጥባ አገኘኋት።

ከዚያ ወዲያ የመድኃኒት ሣጥኔን ከመክፈቴ በፊት ጭነት የሚወርድበት ቦታ መቆም ልማዴ ሆነ። ላብ አያለሁ፣ መጫኛ እፈታለሁ፣ የግራና የቀኙን ሸክም በእጄ እመዝናለሁ። የማክመው ቁስል እየቀነሰ ሲሄድ ማየት ከየትኛውም የተሳካ ቀዶ ሕክምና የበለጠ ደስታ ሰጥቶኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር። መዳን የማይችሉትን ስናሰናብት አልቅሻለሁ። ሰው በሚረግፍበት ቦታ ለአህያ ማልቀስ አሳፍሮኝ ለዓመታት ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። ዛሬ አላፍርም። ወታደሩ የጠጣው ውኃ በዚያ እንስሳ ጀርባ የወጣ ነው፤ ለእንስሳው ማዘን ለሰው ከማዘን የሚቀንሰው ነገር የለም።

ወደ ድሬዳዋ ተመልሼ ሥራዬን የቀጠልኩት ያንን ትምህርት ይዤ ነው። አንዲት እንጨት ሻጭ እናት አህያቸውን እየጎተቱ መጡ። «አቦ ዶክተር፣ መርፌ ውጋልኝና ልሂድ» አሉ። «እማማ፣ መጀመሪያ እንጨቱን እናውርድ» አልኳቸው። ቀጭን የናይለን ገመድ ደረቱ ሥር ገብቶ ቆዳውን በልቶታል። መርፌውን ወጋሁ፤ ከዚያ ገመዱን በሰፊ ጠፍር ለወጥን፣ ሁለት ጆንያ ጭድ ሞላን። ጭነቱን እንዲቀንሱ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። የእኛ አገር አህያ 120 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፤ የክብደቱን ሲሶ፣ 40 ኪሎ ያህል ቢሸከም ይበቃዋል። «40 ኪሎ እንጨት ልጆቼን አያበላም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አብረን አሰላን፦ አህያው ቆስሎ ሲተኛ የሚቀረውን ገበያ፣ የመድኃኒቱን ዋጋ። ጥቂት እንጨት አጉድለው ለመሞከር ተስማሙ። መድኃኒት ከማዘዝ ይልቅ ያ ንግግር ከበደኝ፤ የበለጠ የጠቀመውም እሱ ነው።

ለካ የሽማግሌው ትምህርት ከአህያ ጀርባ ያልፋል። ከእንስሳው ጋር ውሎ የሚያድር ሰው ሐኪሙ የማያየውን ያያል። የአካባቢያችን ግመል አርቢዎች ሱራ የሚባለውን የደም በሽታ በግመሉ ሽንት ሽታ ይጠረጥሩታል። በ1880ዎቹ በክፉ ቀን የአገሪቱን ከብት የፈጀው ደስታ በሽታ በመጨረሻ ሙጥኝ ካለባቸው ቦታዎች አንዱ ጎረቤታችን አፋር ነበር። ማቀዝቀዣ በማይደርስበት በረሃ ላይ በሽታውን ያሸነፉት ሙቀት የሚችል ክትባትና ክትባቱን በእጃቸው የሰጡ የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች ናቸው። በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በ2011 ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። አሁን ዓለም ደስታ መሰል የተባለውን የበግና የፍየል በሽታ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት አቅዷል። ያም ቢሆን ያለ እረኛው አይሆንም።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህንኑ ነው። ባለቤቱን ጠይቁ፣ ጭነቱን ራሳችሁ አንሥታችሁ መዝኑ። ለኃላፊዎችም አንድ ልመና አለኝ። የሐኪም ሥራ ሪፖርት የሚደረገው በታከመ እንስሳ ብዛት ነው፤ ሳይቆስል የቀረው አይመዘገብም። ጧት ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ጭነት በሚወርድበት ሰዓት አንድ የእንስሳት ሐኪም ቆሞ ጀርባ ቢያይ፣ ጠፍር ቢያስተካክል፣ ከባለ አህያዎቹ ጋር ቢመክር፣ ያ ሰዓት እንደ ሕክምና ይቆጠርለት።