ስለ አሮጌዋ ላንድሮቨር ዋጋ

የአሮጌ መኪና ዋጋ የሚወጣበትና የሚወርድበት ምክንያት ከአገር አገር ምን ያህል እንደሚለያይ ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከከተማችን ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወጣው የጠጠር መንገድ ሰውና እህል የምታመላልሰውን ላንድሮቨር መመልከት ይበቃል። ስለዚህ ዘንድሮ በዚህ መጽሔት ስለ እርሷ ጥቂት ቃል ልጽፍ ወደድሁ።

ላንድሮቨር ራሷ የችግር ልጅ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ዕዳ በዝቶባት ስለ ነበር ብረት በቅድሚያ የሚታደለው ዕቃውን ወደ ውጭ አገር ለሚሸጥ ፋብሪካ ነበረ። ሮቨር የተባለው ኩባንያ ብረት ቢቸግረው አካሏን በአሉሚኒየም አልብሶ በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለገበያ አቀረባት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ዛሬ ስድሳ ዓመት የሞላት መኪና በመንገዳችን ላይ የምትታየው አንድም በዚሁ ምክንያት ነው። የዚያ ዝርያ ሥራ በሶሊሀል ፋብሪካ የቆመው በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ነው።

በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛው ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ቀውስ በኋላ የእንግሊዝ ባንክ ወለዱን ወደ 0.5 በመቶ ባወረደ ጊዜ፣ ገንዘብን በባንክ ማስቀመጥ የማይጠቅም ሆነና ብዙ ሰው ፊቱን ወደ አሮጌ መኪና መለሰ፤ ዋጋውም ወጣ። በ2023 እ.ኤ.አ. ወለዱ 5.25 በመቶ ሲደርስና ኑሮው ሲወደድ ደግሞ ገዢው ቀዘቀዘ። መንግሥታቸውም አርባ ዓመት የሞላውን መኪና ከዓመታዊ ግብር ነፃ ያደርጋል፤ ሽማግሌን እንደ መጦር ያለ ነገር ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ አዲስ መኪና ሲርቅ አሮጌው ይወደዳል፤ በዚያ አገር ዋጋውን የሚያወጣው ጥጋብ ሲሆን በእኛ ዘንድ የሚያወጣው እጦት ነው።

ይህን የምጽፈው በቤታችን የደረሰ ነገር ስለ ሆነ ነው። አጎቴ አያቴ ከመንግሥት ሐራጅ የገዟትን ላንድሮቨር እስከ ዛሬ ይነዳሉ። በገበያ ቀን ሰው እስከ ኋላ በሯ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ጤፍ፣ ድንችና ዶሮ ከላይ ይጫናል። ክረምት ሲገባ ባጃጅ በማይደፍረው ጭቃ ውስጥ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ያደረሰችበት ሌሊት አንድ ሁለት ብቻ አይደለም። (መኪናይቱ የእንግሊዝ ሆና የዕቃዎቿ ስም የጣሊያን መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፤ ወረቀቷ እንኳ ሊብሬ ነው።)

ዘንድሮ ሁለት ገዢዎች መጡ። አንደኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ሲሆን አስውቦ በግቢው ሊያቆማት ይፈልጋል። የጠራውን ዋጋ አጎቴ ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ሁለተኛው የመለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ እርሱ ፈታትቶ ሞተሯን ለብቻ፣ ካምቢዮዋን ለብቻ ሊሸጥ ነው። ምንዛሪው ከተለወጠ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ስለ ናረ ከፊተኛው ብዙ የማያንስ ገንዘብ ሰጠ። እናቴ ይሸጡ ባይ ናት፤ የአጎቴ ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ስለ ገቡ ገንዘቡ በእርግጥ ያስፈልጋል። እኔ በእናቴ ፊት አልተናገርሁም እንጂ ሐሳቤ ሌላ ነው። ሽጠው ያገኙትን ብር ይዘው ሌላ የምትሠራ መኪና ልግዛ ቢሉ፣ እርሷን ያስወደደው ነገር ሌላውንም አስወድዶት ይጠብቃቸዋል። ገንዘቡ ብዙ የሚመስለው ገበያ እስኪወጡበት ድረስ ነው።

ይህን ለአጎቴ በነገርኋቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ አንተ የምትለው ሒሳብ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከላይ ያለው ሰው በምን ይወርዳል የሚለው ነው» አሉኝ። ለሁለቱም ገዢዎች እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም። ባለፈው ሳምንት ግን ከመርካቶ ያገለገለ ባሌስትራ አስመጥተው፣ ከሚገባው በላይ ከፍለው አስገጠሙ።