ቡቺ፣ ባለ ሃምሳ ኪሎው

ግሬት ዴን የሚባለው የውሻ ዘር ስሙ ዴንማርክን ቢያስጠራም እየተመረጠ የተራባው ጀርመን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሞተው ዜውስ የተባለው የአሜሪካ ግሬት ዴን ቁመቱ እስከ ትከሻው 111.8 ሴንቲ ሜትር ነበር። ይህን የነገረን የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ የነገረንም ቡችላውን ከማስረከቡ በፊት ነው።

ቡችላውን መጀመሪያ የገዛው ሰው ለግቢ ጥበቃ ነበር የፈለገው። ቶሎ እንዲጠነክርለት ወተትና እንቁላል፣ በዚያ ላይ የካልሲየም እንክብል ይሰጠው ነበር። ሦስት ወር ሲሞላው የፊት እግሮቹ ወደ ፊት እጥፍ አሉ። ሰውየው ወደ ክሊኒክ የወሰደው ለማሳከም ሳይሆን በመርፌ እንዲገደልለት ነበር። ሐኪሙ እሺ አላለም፤ ቡችላውን እዚያው አስቀርቶ ለሚያውቀው ሁሉ ይደውል ጀመር። ከተደወለላቸው አንዱ ባለቤቴ ነው።

እኛ ቤት ሁለት ልጆችና ውሻ የማትወድ እናቴ አሉ። እናቴ ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟን ከብት ሲጠብቅ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ድኖ፣ ሁሉም ከረሳው በኋላ፣ ውኃ መጠጣት አቃተው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ባለቤቴ «ትንሽ ቡችላ እኮ ነው፣ እማማ» ሲላት፣ «ወንድሜንም የነከሰው አንበሳ አይደለም» ብላ መለሰችለት።

እውነቷን ነው። ቡችላው ግቢያችን የገባው የእብድ ውሻ ክትባት ከተወጋ በኋላ ነው፤ በየዓመቱም ይደገምለታል። የክትባት ደብተሩን እናቴ ከባንክ ደብተሯ ጋር አስቀመጠችው። ልጆቹንም ውሻ፣ የትኛውም ውሻ፣ ቢነክሳቸው ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥበው ሐኪም ቤት እንደሚሄዱ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላቸው አስያዘቻቸው።

ጠቡ የተነሳው በምግብ ነው። ግሬት ዴን እስከ ዓመት ተኩል፣ አንዳንዱም እስከ ሁለት ዓመት ያድጋል። በዚህ ጊዜ ቶሎ ከከበደ ሸክሙ ገና ያልጠናው አጥንት ላይ ያርፋል። ካልሲየምም ቢሆን የቡችላ አንጀት የሚበቃውን ብቻ ወስዶ የቀረውን መተው ስለማይችል ትርፉ አጥንቱን ይጎዳዋል። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት አልነበረም። እንክብሉንና ወተቱን አቁሙ፣ ለግዙፍ ዘር ቡችላ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ በልክ ስጡት፣ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ላይ አታቁሙት አለን። ምግቡም በቀን ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጠዋል፤ የዚህ ዘር ጨጓራ በአየር ተነፍቶ ሊዞር ይችላል፣ ከዞረ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ምግቡ ውድ ነው። ከአስቤዛችን ላይ ቀንሰናል።

እናቴ ውሻውን መንካት አትፈልግም፤ የጎድን አጥንቱ የሚዳሰስ ፍጡር ደጇ ተኝቶ ማየት ግን ጨርሶ አትችልም። «እግዜር የፈጠረውን አስርባችሁ ልትገድሉት ነው!» አለች። በዓል ሲሆን የተቀቀለ አጥንት በፌስታል ቋጥራ ወደ ጓሮ ስትሄድ አገኘኋት። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል ብላትም አልሰማችኝም። በማግስቱ ለቀጠሮ ስንሄድ አብራን መጣች፤ ልትከስሰን። ሐኪሙ አዳመጣትና፣ «እማማ፣ በውርንጭላ ላይ ኩንታል ይጭናሉ?» አላት።

ዝም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስፈሪያው ጣሳ በእሷ እጅ ነው፤ ልጆቹ ዳቦ ሲወረውሩለት የምትቆጣውም እሷ ናት። በስድስተኛው ሳምንት እግሮቹ ቀጥ አሉ። አሁንም አትነካውም።

ልጆቹ ቡቺ ያሉት ገና ትንሽ ሳለ ስለሆነ አሁን ሃምሳ ኪሎ ውሻ «ቡቺ!» እየተባለ ይጠራል። በአሥራ ሁለት ኪሎው ሰው ላይ ሲዘል ያስቃል፤ በሃምሳ ኪሎው ልጅ ይጥላል። ስለዚህ ሲያድግ የማይፈቀድለትን ገና ቡችላ እያለ ከለከልነው። በሰንሰለትም አናስረውም። ትልቅ ውሻ ለታይታ ገዝተው ቀኑን ሙሉ የሚያስሩ ሰዎች አይገቡኝም፤ ታስሮ ያደገ ውሻ ወዳጅና ሌባ የሚለይበትን ከየት ይማራል? ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የዚህ ዘር ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት መሆኑን ሰምቶ በጣቶቹ ቆጠረና፣ «አሥረኛ ክፍል ስደርስ ሽማግሌ ይሆናል ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ባለፈው እሑድ አንድ ባለ መጋዘን በሩን አንኳኩቶ ለቡቺ የጠራው ዋጋ የልጆቹን የአንድ ወሰነ ትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ፣ እኔም ወደ እሱ። በመጨረሻ፣ «ደብተሩ ያለው እማማ ጋ ነው፤ እሳቸውን ያነጋግሩ» አለው። እናቴ እንግዳውን አስቀምጣ ቡና አፈላች፣ እስከ በረካ አጠጣችው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ እስከ በሩ ሸኘችው። ስለ ውሻው አንድም ቃል አልተነሳም።