ስልሳ አራት ደረጃ

እናቴ የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመሬት እስከ በሯ 64 ደረጃ አለ። የቆጠረችው ራሷ ናት፤ በየ16ቱ ቆም ብላ ትተነፍሳለች።

ልደታ የነበረው የቀበሌ ቤታችን በ2002 ዓ.ም. ሲፈርስ ዕጣ ደረሳት። የፎቁ ቁጥር የተነበበላት እልልታው ካለቀ በኋላ ነው። ቤቱን ጠላነው ማለቴ ግን አይደለም። የቀድሞው ጣራ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስ ነበር፤ መጸዳጃውም ለሰባት አባወራ አንድ ነበር። ዛሬ የራሷ መጸዳጃ፣ የራሷ ቁልፍ አላት። (ውሃው አቅም አጥቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚቀርበት ቀን ይበዛል እንጂ! ያን ቀን ጀሪካን ተሸካሚው እኔ ነኝ።)

የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ንድፍ አውጪዎቹ አኗኗራችንን ጨርሰው አልዘነጉትም። ከብሎኮቹ አጠገብ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ድግስ የሚሰናዳበት የጋራ ቤት እንዲሠራ አስበዋል። እንግዲህ የበጉን መታረድ ያሰበ ሰው የባለቤቱን መሞት እንዴት ሳያስብ ቀረ?

ባለፈው የካቲት የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ አረፉ። ዕድሩ ድንኳኑን መኪና ማቆሚያው ላይ ጣለ። አስከሬኑ ሊወርድ ሲል ሳጥኑ የደረጃው መዞሪያ ላይ አልዞር አለ። ወደ ግራ ቢሉት፣ ወደ ቀኝ ቢሉት ግድግዳው እምቢ አለ። በመጨረሻ አንዱ፣ “ቀና አድርጉት” አለ። ቀና አደረጉት። ጋሼ ቆመው ወረዱ። ባለቤታቸው ከኋላ፣ “ቀስ በሉ! እንዳይጎዱብኝ!” እያሉ ይጮኻሉ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከላይ ሆና ታያለች።

የዚያን ዕለት ማታ ስኒ እያጠበች፣ “እኔን አቁማችሁ እንዳታወርዱኝ” አለችኝ።

“ኧረ እማዬ፣ ምን ነካሽ?”

“ማልልኝ።”

አልማልኩም። በማግስቱ ደላላ ፍለጋ ወጣሁ። የብሎካችን ምድር ቤቶች ሱቆች ናቸው። አንደኛ ፎቅ ላይ ያገኘነው ሰውዬ ለመቀያየር የጠየቀው ጭማሪ በመጽሔት ጸሐፊ ኪስ የሚሞከር አልነበረም። ነገሩን ለእናቴ ስነግራት ደግሞ ተቆጣች። “ማን ላክህ? ጎረቤቶቼን ጥዬ ወዴት ነው የምሄደው?”

እውነቷን ነው። የልደታ ጎረቤቶቿ በየሳይቱ ተበትነው ቀርተዋል። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን በአሥር ምናምን ዓመት ሌላ ሰፈር አቁማለች። ቡና ስትቆላ አራት በሮች ይከፈታሉ። ደረጃ የሚወጣውን ሁሉ በኮቴው ትለያለች፤ “ይቺ የባንክ ቤቷ ልጅ ናት፤ ዛሬ ከፍቷታል” ትለኛለች። ወጥቼ ሳይ እውነትም ከፍቷታል። መሬት ከወረደች ይህን ሁሉ ከየት ታመጣለች?

ባለፈው እሑድ ጀሪካን ተሸክሜ ስወጣ፣ ጋሼን ያቆሙበት መዞሪያ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የደከማት መስሎኝ ደነገጥኩ። ወለሉን በስንዝር እየለካች ነበር።

“ስድስት ስንዝር ከአራት ጣት” አለችኝ። “እሳቸው ረጅም ስለነበሩ ነው እኮ። እኔ አጭር ነኝ፤ ትንሽ ዘንበል ካደረጋችሁኝ አልፋለሁ።”

የምመልሰው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

“በል ግባ፤ ውሃውን ደረጃው ላይ አታንጠባጥብ፣ ሰው ያዳልጣል” አለችና ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።