ዮናስ ያቀረበው ክስ

ነቢዩ ዮናስ እግዚአብሔርን ከስሶታል። ጨካኝ ነህ ብሎ አይደለም፤ ደግነትህ በዛ ብሎ ነው።

ነገሩ ያለው ትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ ነው። የነነዌ ሰዎች ንስሐ ገብተዋል፤ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀምጧል፤ ከብቶቹ ሳይቀሩ ማቅ ለብሰዋል። እግዚአብሔርም ሊያመጣባቸው ያሰበውን ጥፋት ተወው። በአንዲት አጭር ስብከት ያን የሚያህል ከተማ የመለሰ ሰባኪ እልል ማለት ሲገባው፣ ዮናስ ደሙ ፈላ። መጀመሪያውኑ ኢዮጴ ወርዶ የተርሴስ መርከብ የተሳፈረበትን ምክንያት ያን ጊዜ ነው ያወጣው። እግዚአብሔር መሐሪ መሆኑን፣ ለቁጣ እንደማይቸኩል፣ ልቅጣ ብሎ ከተነሣ በኋላ እንኳ እንደሚመለስ ያውቅ ነበር። ነነዌን ፈርቶ አልነበረም የሸሸው፤ የላኪውን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው።

ይህን ምዕራፍ አብዛኞቻችን ዘለን የምናልፈው ይመስለኛል። ጾመ ነነዌ በመጣ ቁጥር፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ባሉት ሦስት ቀናት ዓሣ አንበሪው ይሰበካል፤ የሕዝቡ ንስሐ ይሰበካል። የነቢዩ ኩርፊያ ግን እንደ ትርፍ ነገር ይታለፋል። እኔ ደግሞ መጽሐፉ የተጻፈው ለዚያ ኩርፊያ ሲባል ነው ባይ ነኝ።

ዮናስን ለመረዳት ነነዌ ምን እንደነበረች ማወቅ ያስፈልጋል። የአሦር ከተማ ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬም ኢራቅ ውስጥ፣ በጤግሮስ ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌው ሞሱል ማዶ ይገኛል። አሦር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ሰማርያን ይዞ የሰሜኑን የእስራኤል መንግሥት ከካርታ ላይ ፋቀው። ዮናስ የዚያው የሰሜኑ መንግሥት ሰው ነው። መጽሐፈ ነገሥት የጋትሔፌር ሰው እንደነበረና በሁለተኛው ኢዮርብዓም ዘመን የአገሩ ድንበር ወደ ቦታው እንደሚመለስ መተንበዩን ይነግረናል። ለወገኑ መልካም ዜና ያበሰረ ነቢይ ነበር ማለት ነው። መጽሐፉን ተቀብለው ያቆዩት አንባቢዎች ደግሞ አሦር በዚያ ወገን ላይ በኋላ ምን እንደሠራ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ሰናክሬም ለኪሶ የተባለችውን የይሁዳ ከተማ ከቦ ያዘ፤ ድሉንም ነነዌ በሚገኘው ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀረጸው። ቅርጾቹ አሁን ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ፎቶግራፋቸውን ፈልጋችሁ ቀስ ብላችሁ እዩት። በአንድ በኩል ሰዎች እንጨት ላይ ተሰክተው ይታያሉ። በሌላ በኩል ምርኮኞች መሬት ላይ ተዘርግተው ቆዳቸው ይገፈፋል። ሴቶችና ሕፃናት በበሬ በሚጎተት ጋሪ ላይ ከነጓዛቸው ተጭነው ወደ ስደት ይሄዳሉ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ምርኮው ሲያልፍ ይመለከታል። ይህን ጠላት ለስም ማጥፋት አልቀረጸውም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ለኩራት ያሠሩት የግድግዳ ጌጥ ነው። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች የመዳን ዕድል ይዘህላቸው ሂድ የተባለ ሰው ቢያኮርፍ ምን ይገርማል?

ዮናስ የከሰሰባቸው ቃላት የራሱ አይደሉም። ምንጫቸው ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 34 ነው። በዕብራውያን ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ እግዚአብሔር ጠባዩን በራሱ አንደበት ዘርዘር አድርጎ የተናገረው እዚያ ላይ ነው። የተናገረበት ሰዓት ደግሞ ከንግግሩ ባልተናነሰ ያስገርማል። ባሕር ተከፍሎለት የተሻገረ ሕዝብ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሙሴ ከተራራው ዘገየብን ብሎ የጆሮ ጉትቻውን አዋጥቶ ጥጃ አሠርቷል። እግዚአብሔርም ይህን ሕዝብ አጥፍቶ ከሙሴ ሌላ ታላቅ ሕዝብ ሊያስነሣ እንዳሰበ ነገረው፤ እንዳይከለክለውም ጠየቀው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። የፈለገውን ማድረግ የሚችል አምላክ፣ አንድ ሰው እንዳይከለክለው መጠየቅ ለምን አስፈለገው? ሙሴ ነገሩ የገባው ይመስላል፤ ሽማግሌ ሆኖ ገባበት። ግብፃውያን ምን ይላሉ? አለው። ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ የገባኸው መሐላስ? ብሎ ያዘው። እግዚአብሔርም ሐሳቡን መለሰ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሙሴ ክብሩን እንዲያሳየው የለመነው። ፊቱን ማየት እንደማይችል ተነግሮት በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ቆመ። እግዚአብሔር በፊቱ ሲያልፍ የሰማው ግን የጠባይ ዝርዝር ነው፤ ርኅራኄ፣ ቸርነት፣ ትዕግሥት፣ ታማኝነት፣ ይቅር ባይነት። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለውንም ልብ በሉ። ሁሉን ቻይ የሚል የለም፤ ሁሉን አዋቂ የሚል የለም፤ ምሉእ በኩለሄ የሚል የለም። እነዚህን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናቸዋል፣ በሌላ ቦታም እናገኛቸዋለን። ክብርህን አሳየኝ ላለ ሰው የተሰጠው መልስ ግን በዳይን እንዴት እንደሚይዝ የሚናገር ነው፤ ያውም በደሉ ገና ትኩስ ሆኖ፣ የተሰበረው ጽላት ስብርባሪ ከተራራው ግርጌ ሳይነሣ።

የዝርዝሩ ሁለተኛ ክፍል ይቆረቁራል። በደለኛውን እንዲያው ንጹሕ ነህ ብሎ አያሰናብትም፤ የአባቶችን ኃጢአት እስከ 3ኛና 4ኛ ትውልድ ድረስ ይከታተላል። በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌዋውያን ሰይፍ መዝዘው 3,000 ያህል ሰው ገድለዋል። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ለማንም አይበጅም። አንዳንድ ሰባክያን ምሕረቱ ለሺህ፣ ቅጣቱ ግን ለአራት ነው ብለው ስሌቱን ያሳያሉ። ስሌቱ ልክ ነው፤ በአራተኛው ትውልድ ለተወለደው ልጅ ግን ምኑም አይደል። በዚህ ላይ ጥያቄ ያነሡት ደግሞ ከውጭ የመጡ ተቺዎች ብቻ አይደሉም። ሕዝቅኤል በባቢሎን ምርኮ ውስጥ ሆኖ፣ በአባቶቻችን ዕዳ እኛ እንከፍላለን እያሉ የሚያማርሩትን ስደተኞች፣ ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይሞት፣ ሁሉም በየራሱ ሥራ እንደሚጠየቅ አጥብቆ ነግሯቸዋል፤ ምዕራፍ 18 ሙሉውን ለዚህ ሰጥቶታል። ኦሪት ዘዳግም 24ም ዳኞችን በዚሁ መንገድ ያዛል። ኦሪትና ነቢያት ከራሳቸው ጋር ይሟገታሉ፤ ያሰባሰቧቸውም ሰዎች ሙግቱን ደምስሰው አላስተካከሉትም።

ይበልጥ የሚደንቀኝ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ነው። እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ እንደተጸጸተ ይናገራል። ጥቂት ወረድ ስትሉ ሳሙኤል፣ እግዚአብሔር እንደ ሰው የሚጸጸት እንዳልሆነ ለሳኦል ያስረዳዋል። ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና መጸጸቱ ይጻፋል። በአንድ ምዕራፍ! የጻፈው ሰው ሳያየው ቀርቶ ነው ብሎ ማሰብ ለእኔ ይከብደኛል። ስለ ሕያው አካል የሚናገር ሰው አንዳንዴ ሁለቱንም ማለት ይኖርበታል።

ለዚህ ነው የብሉይ ኪዳን አምላክ ቁጡ፣ የሐዲስ ኪዳኑ ሩኅሩኅ የሚለው አባባል የማይዋጥልኝ። አባባሉ አዲስ አይደለም፤ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መርቅያን የተባለ ሰው ሁለት አማልክት እስከ ማለት ደርሶበት፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን በ144 ገደማ ለይታዋለች። መርቅያን ዮናስን ቢጠይቀው ኖሮ በተቃራኒው ሲያማርር ይሰማው ነበር።

ያ የሲና ቃል እዚያው ተራራ ላይ አልቀረም። ሰላዮቹ ከከነዓን ክፉ ወሬ ይዘው ተመልሰው ሕዝቡ ባመፀ ጊዜ፣ ሙሴ ቃሉን መልሶ ለእግዚአብሔር ጠቀሰለት፤ አንተው ነህ እንዲህ ነኝ ያልኸው በሚል ዓይነት። ይቅርታውን አገኘ፤ ያ ትውልድ ግን ምድረ በዳ ላይ ቀረ። ኢዩኤል ሕዝቡን ለጾም ሲጠራ ይኸው ቃል አለ። ዳዊት የሚደግም ሰው በእኛ ቁጥር መዝሙር 102 ላይ፣ በዕብራይስጡ 103 ላይ ያገኘዋል። ነህምያ 9 ላይ ደግሞ ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች ማቅ ለብሰው ሲጸልዩ የጥጃውን ታሪክ ከዚሁ ቃል ጋር አያይዘው ያነሡታል።

ይህ የነህምያ ጉባኤ ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም። ቤተ እስራኤላውያን ከዮም ኪፑር፣ ከአይሁድ የስርየት ቀን፣ በኋላ በ50ኛው ቀን የሚያከብሩት ስግድ መሠረቱ እርሱ ነው። ጎንደር ሳሉ ጾመው፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ከፊት እየመሩ ተራራ ይወጡ ነበር፤ አሁን በኢየሩሳሌም ይሰበሰባሉ። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። የኪዳን ቃል ለመስማት ተራራ መውጣትና መጾም፣ ከዚያ ወርዶ በደስታ አብሮ መብላት፤ የሲናውን ታሪክ በእግር መድገም ነው።

በምኩራብም ይህ ቃል በዮም ኪፑር ደጋግሞ ይባላል። የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት ተልሙድ፣ እግዚአብሔር እንደ ጸሎት መሪ ተሸፋፍኖ የጸሎቱን ሥርዓት ለሙሴ ራሱ አሳየው ይላል። ሲባል ግን ከመሐል ይቆረጣል፤ ይቅር የሚለው ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ፣ የማያሰናብተውና የሚከታተለው የሚለው ክፍል አይባልም። ድፍረት ነው። ፍርድ ፊት የቆመ ሰው ግን ምን ምርጫ አለው?

ዮናስም ቆርጦታል፤ የቅጣቱን ክፍል ጨርሶ አላነሣውም። ልዩነቱ ምእመኑ የሚቆርጠው ለልመና ሲሆን፣ እርሱ የቆረጠው ለክስ መሆኑ ነው። ፍርዱን የት አደረስኸው ማለቱ ይመስለኛል።

የተሰጠው መልስ ቁጣ አልነበረም። እግዚአብሔር፣ መቆጣትህ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ዮናስ ዝም አለ። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ ምን እንደምትሆን ሊያይ ተቀመጠ። አሁንም ተስፋ አልቆረጠም፤ እሳቱ ሊወርድ ይችላል። ቅል በቀለለትና ጥላ ሆነው፤ በመጽሐፉ ሁሉ ዮናስ ደስ አለው የተባለው በዚህ ብቻ ነው። ነግቶ ትል ቅሉን መታው፤ የምሥራቅ ነፋስና ፀሐይ አናቱን ሲመቱት ሞቱን ተመኘ። ያኔ ነው እግዚአብሔር ላልተከላትና ላላሳደጋት ቅል ያዘነውን ሰው፣ ግራና ቀኛቸውን ስለማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች የጠየቀው። ስለ ብዙ እንስሳትም ጭምር። በከብቶቹ መጨረሱ ደስ ይለኛል፤ ማቅ ለብሰው አልነበር?

መጽሐፉ እዚያ ላይ፣ በጥያቄው ያልቃል። ነነዌ የሠራችው ግፍ አልተካደም፤ ግፈኞቹ ግራና ቀኛቸውን የማይለዩ ናቸው መባሉ ለተበደለው ሰው ምን ያህል እንደሚመር መገመት አያዳግትም። ይቅርታ ሲሰበክ የሚሰብከው ብዙ ጊዜ ያልተነካው ሰው ነው። ዮናስ ግን የተነካው ወገን ነው፤ ቅር ባለው ጊዜም ቅሬታው ከነሙሉ ቃሉ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ገባለት።

ሌላው የሚያሳርፈኝ ነገር ናሆም መኖሩ ነው። ስለዚያችው ስለ ነነዌ የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ነው፤ በግሪኩ በሰብዓ ሊቃናት ቅደም ተከተል ከዮናስ ቀጥሎ ይመጣል። ናሆምም በዚያው በሲና ቃል ይጀምራል፤ ትዕግሥቱን ይጠቅሳል፣ ወዲያው ግን ምሕረቱን ትቶ ኃይሉንና በደለኛውን የማያሰናብት መሆኑን ያስከትላል። ዮናስ የጣለውን ግማሽ አነሣው ማለት ይቻላል። ነነዌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 በባቢሎናውያንና በሜዶናውያን እጅ ወደቀች። የናሆም መጽሐፍ መጨረሻውም ጥያቄ ነው፤ የአሦር ክፋት ያልደረሰበት ማን አለ የሚል። አንዱን ጥያቄ እግዚአብሔር ለተቆጣ ነቢይ አቀረበው፤ ሌላውን ነቢይ ለወደቀ መንግሥት። ሰብሳቢዎቹ ሁለቱንም በአንድ ጥቅልል ላይ አኖሯቸው።

በዮም ኪፑር ከሰዓት በኋላ አይሁድ ዮናስን ሙሉውን ያነባሉ፤ ጥያቄው ላይ ሲደርሱ ግን አያቆሙም። ከሚክያስ መጨረሻ ጥቂት ቁጥሮች ያስከትላሉ፤ ኃጢአት ወደ ባሕር ጥልቅ ስለመጣሉ የሚናገሩትን። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቀኑን ሙሉ የጾመ ሕዝብ በጥያቄ አይሸኝም። እኔ ብሆን ግን ሚክያስን ለሌላ ቀን አቆየው ነበር።