ዕዳን ስለ መክፈል ለልጄ የተጻፈ ምክር

ይድረስ ለተወደድህ ልጄ፤

ለስንብት በመጣህ ጊዜ ስለ ዕዳህ ያጫወትኸኝ ነገር በልቡናዬ ስላደረ፣ ወደ ሐዋሳ ለሥራ ከመውረድህ በፊት በቃል ያልጨረስሁትን በጽሑፍ ልጨርስልህ ወደድሁ። ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ ሰነፍ ወይም አባካኝ አይደለም፤ ሕመምና ሐዘን፣ የቤት ኪራይም መናር ደጉን ሰው ሳይቀር ከአበዳሪ ደጅ ያቆሙታል። ትንሹን ዕዳ የሚያገዝፈው ግን፣ እኔ እንዳየሁት፣ ከገቢ ማነስ ይልቅ ይሉኝታ ነው፤ ሰው አበዳሪውን ላለማግኘት መንገድ ሲቀይር፣ ድግሱ ከጎረቤት እንዳያንስበት ሌላ ሲበደር፣ ባልንጀራውን እንቢ ማለት አፍሮ ዋስ ሲሆን፣ ሳያስበው የሰው ተገዢ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ አስቀድመህ ደብተር ገዝተህ ከማን፣ መቼ፣ ስንት፣ በምን ወለድ እንደ ተበደርህና ዋስህ ማን እንደ ሆነ አንድ በአንድ ጻፍ። ከባለሱቁ በዱቤ የወሰድኸውን ዘይትና ስኳር፣ በእጅ ስልክህ የተበደርኸውንም ጥቂት ብር እንዳትዘልል፤ ሰው ሊጽፈው የሚያፍርበት ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እሱ ነውና።

ከዚያም በቅደም ተከተል ክፈል። ለቁጠባና ብድር ማኅበሩም ሆነ ለወዳጅህ የተስማማኸውን ሳታጓድል፣ ከዚያ የተረፈውን ሁሉ ወለዱ በከፋው ላይ አውለው፤ ይኸውም አራጣው ነው። ከነጋዴው በወር ከመቶ 10 ወለድ የወሰድኸው 20,000 ብር በየወሩ 2,000 ብር ያስከፍልሃል፤ በ10 ወር 20,000 ብር ከፍለህ ዋናው ገንዘብ አንድ ብር ሳይጎድል ይጠብቅሃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ስለ ወሰነ፣ ለዚያው ገንዘብ የዓመቱ ወለድ ቢበዛ 2,400 ብር ነው፤ አራጣ ማበደርም በወንጀል ያስቀጣል። እንግዲህ ሁለት ሽማግሌ ይዘህ፣ እሱ ሳይፈልግህ አንተው ቀድመህ ወደ ሰውዬው ሂድና ዋናውን ገንዘብ በየስንት ጊዜው እንደምትከፍል በጽሑፍ ተስማማ።

ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ዕቁብ ብትገባም ችግርህን ለዳኛው አስረድተህ ዕጣው እንዲቀድምልህ ለምን፤ ቀድሞ የወጣ ዕቁብ ወለድ የሌለው ብድር ነውና በእሱ አራጣውን ትዘጋለህ። ዕጣህ ከወጣ በኋላ መክፈሉን ብታቋርጥ ግን ዋስህን ታዋርዳለህ።

ምሳህን ከቤት ቋጥረህ ሂድ፤ ልብስና አዲስ ስልክ ይቆዩ። የዕድር መዋጮህን ግን አታቋርጥ፤ ዕድር የሌለው ሰው ሐዘን ሲደርስበት ዳግመኛ ተበዳሪ ይሆናልና። ለተዝካርና ለሠርግም በአቅምህ ተገኝ እንጂ ለስም ብለህ አትበደር።

ገንዘቡን በባንክ ላክ፤ የባንኩ ወረቀት ምስክር ይሆንሃል። በእጅ ብትሰጥ ደረሰኝ ተቀበል፤ ከፍለህ በጨረስህ ጊዜም የፈረምህበትን ወረቀት አስመልስ። የምትከፍለው ገንዘብ በሕጉ አስቀድሞ ለወጪና ለወለድ ስለሚታሰብ፣ ከዋናው ምን ያህል እንደ ተቀነሰ በየጊዜው አስጽፍ። ዋስ ሁን ቢሉህ ደግሞ እንቢ በል፤ እንቢ የማትለው ሰው ቢሆን እንኳ የዋስትናውን መጠን ሳያስጽፉ አትፈርም፤ ‹‹በአንድነትና በነጠላ›› የሚል ቃል ካለበትም አበዳሪው ዋናውን ባለዕዳ ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ አንተ ሊመጣ እንደሚችል ዕወቅ።

በካልዕ መጽሐፈ ነገሥት በ4ኛው ምዕራፍ፣ አበዳሪ ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ የመጣባት አንዲት መበለት እናገኛለን። ነቢዩ ኤልሳዕ ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ አዘዛት፤ በቤቷ የነበረው ዘይትም በተአምራት በበዛ ጊዜ ሸጣ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። በተአምር የመጣው ገንዘብ እንኳ ሥርዓት ከተሠራለት፣ በላብ የተገኘ ደመወዝማ እንዴት አብልጦ ሥርዓት አያሻውም!

እንግዲህ ልጄ ሆይ፣ የመጀመሪያውን ደመወዝህን በተቀበልህ ቀን፣ ለቤትህ ምንም ሳትገዛ፣ የአራጣውን ድርሻ ላክ፤ የባንኩንም ወረቀት ግልባጭ ለእኔ ስደድልኝ። እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን።

አባትህ