ማወርፓርክ፣ እሁድ ከሰዓት

ከፍራንክፈርት በርሊን ድረስ ባቡር ውስጥ ተኝቼ ስለመጣሁ ስለ መንገዱ የምለው የለኝም። ስለ ማወርፓርክ ግን አለኝ።

የእሁድ ገበያው የሚዘረጋበት ሜዳ እስከ 1989 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የበርሊን ግንብ ያለፈበት፣ ሊሻገር የሞከረ የሚተኮስበት ቀጠና ነበር። ዛሬ በቀረችው የግንብ ቁራጭ ላይ ወጣቶች ቀለም ይረጫሉ፤ የአንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይደርብበታል። የቀለሙ ሽታ ከተጠበሰ ቋሊማ ጋር ተደባልቆ ራሴን አዞረኝ። ከዳገቱ በኩል ካራኦኬ የሚዘፍን ሰው ይጮኻል፤ ድምፁ ባያምርም ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። በርሊን ያደገችው የአጎቴ ልጅ ገና ሳንገባ ሰልችቷታል። ክርኑ የተበሳ ጃኬት በ30 ዩሮ ሲሸጥ አይታ፣ «የመርካቶ ምናለሽ ተራ ሰዎች ይህን ቢያዩ በሳቅ ይሞታሉ» አለች።

እኔን ያስቆመኝ አንድ አዛውንት የዘረጉት የምሥራቅ ጀርመን ዕቃ ነው፤ የወጣቶች ማኅበር ሰማያዊ ሸሚዝ፣ የመሪያቸው የሆኔከር ፎቶ፣ በካርቶን የተከመረ ሜዳሊያ። አንድ ቱሪስት የወታደር ቆብ ደፍቶ፣ ሰላምታ እየሰጠ ፎቶ ይነሳል። ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለ ሜዳሊያ በመሳቢያቸው ያስቀመጡ ሽማግሌዎች እኛም ሰፈር አሉ፤ ማንም አይቀልድባቸውም።

ከሜዳሊያው አጠገብ እጀታው የተላጠ የቡና መፍጫ አነሳሁ። አዛውንቱ አገሬን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ «ቡናችሁን ጠጥተናል!»

የአጎቴ ልጅ እየተረጎመችልኝ አወጉኝ። ነገሩን አንድ ቦታ አንብቤ ግማሹን ረስቼው ኖሯል። ብራዚል ላይ ውርጭ ቡናውን ከመታው በኋላ የዓለም ዋጋ ናረ፤ ምሥራቅ ጀርመን የውጭ ምንዛሪ አጠራት። በ1977 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ግማሽ ያህሉ ብቻ ቡና የሆነ፣ አጃና አተር ሳይቀር የገባበት ድብልቅ ለሕዝቡ አቀረበ። ስንቱን የታገሰ ሕዝብ በቡናው ጊዜ አበደ። «ማሽኑን ይደፍነው ነበር» አሉ አዛውንቱ፣ ዛሬም እንደተናደዱ። ደርግ በበኩሉ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ገጥሞ መሣሪያ ይፈልጋል። እነሱ መሣሪያ ላኩ፣ እኛ ቡና ላክን። አተር የገባበት ቡና! እናቴ ብትሰማ መሣሪያውን ትታ ለነሱ ታዝን ነበር።

በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለውን የማርክስ ሐውልት የሰጡንም እነሱው ናቸው። ይህን ስነግራቸው «እስካሁን አላነሳችሁትም?» ብለው ተገረሙ።

ወዳጅነቱ የቆየው ዋጋ እስክጠይቅ ነው። 25 ዩሮ አሉ። ቡናው የኛ ስለነበር ቀንሱልኝ አልኩ።

«በመሣሪያ ከፍለናል» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ብዙ ተከራክረን በ22 ተስማማን። የአጎቴ ልጅ ቤቷ የኤሌክትሪክ መፍጫ እንዳላት፣ ይህን የዛገ ብረት ደግሞ እንደማትሸከምልኝ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ስትነግረኝ ሄደች።