ሱሳ፦ የግንብና የሪባጥ ከተማ



ጉዞ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩት ሕዝቦች ፍጻሜ ምን እንደነበር እንድንመለከት በቁርኣን ውስጥ ደጋግሞ አሳስቦናል። እኛም ይህንኑ በልባችን ይዘን፣ ሁለት ልጆቻችንን አስከትለን፣ በቱኒዚያ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ጥንታዊት ከተማ ወደ ሱሳ ተጓዝን።

ከቱኒስ ወደ ደቡብ 140 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር ሄደን ስንደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። ታናሺቱ ልጃችን ባሕሩን ለማየት ትቸኩላለች። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ወንድሟ ግን ገና ከባቡሩ ሳይወርድ፣ «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው አሮጌ ድንጋይ ለማየት ነው?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ትንሽ ከነከነን። ለጊዜው ግን መልስ አልሰጠነውም።

ከግንቡ ውስጥ

የሐረርን ጀጎል ያየ ሰው በሱሳ አሮጌ ከተማ እንግድነት አይሰማውም። ጠባብ መንገዶች፣ በኖራ የነጡ ቤቶች፣ በየማዕዘኑ ትናንሽ መስጂዶች፣ ከመዳብ ቀጥቃጩ ጎን ሽቶ ሻጩ፣ ከሽቶ ሻጩ ጎን ልብስ ሰፊው። ልዩነቱ ይህ ግንብ የተሠራው ባሕር ዳር መሆኑ ነው። ጠላት የሚመጣው በመርከብ ነበርና።

ግንቡ የተሠራው በ245 ዓመተ ሂጅራ (859 እ.ኤ.አ.) በአግለባውያን ዘመን ሲሆን፣ ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አግለባውያን መቀመጫቸውን ቀይረዋን ላይ አድርገው፣ በዐባሳውያን ኸሊፋዎች ስም አገሩን ከ800 እስከ 909 እ.ኤ.አ. የገዙ አሚሮች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. በወረደው የአውሮፕላን ቦምብ በወደቡ በኩል ያለው የግንቡ ክፍል ፈርሷል። የቀረው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ዩኔስኮም አሮጌውን ከተማ በ1988 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ሪባጥ ምንድን ነው?

ወደ አሮጌው ከተማ በወደቡ በኩል ሲገቡ በቅድሚያ ዓይን የሚይዘው ሪባጡ ነው። አራት ማዕዘን፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ አንድ በር ብቻ የተተወለት ጠንካራ ሕንፃ ነው። በማማው ደጃፍ ላይ ባለው ጽሑፍ 206 ዓመተ ሂጅራ (821 እ.ኤ.አ.) የሚለው ዓመትና የአሚር ዚያደተላህ ስም ይነበባል።

ቃሉ የመጣው ማሰር የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ግስ ነው። ሰው ራሱን ከአንድ ቦታ ጋር አስሮ፣ ወገኖቹ ተኝተው እንዲያድሩ እሱ ነቅቶ የሚያድርበት ሥፍራ ሪባጥ ይባላል። እዚህ የሚያድሩት ደመወዝተኛ ወታደሮች ብቻ አልነበሩም። እርሻውን፣ ሱቁን ወይም ትምህርቱን ለጊዜው ትቶ የሚመጣ ሰውም ነበር። አንዳንዱ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ አንዳንዱ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል።

በግቢው ዙሪያ ያሉት ክፍሎች እጅግ ጠባብ ናቸው። አንድ ሰው ተኝቶ፣ አጠገቡ መጽሐፉንና የውሃ ዕቃውን ቢያስቀምጥ ሌላ ቦታ አይተርፍም። ፎቁ ላይ በመላው ሰሜን አፍሪካ ከታወቁት ጥንታዊ መስገጃዎች አንዱ አለ። ልጆቻችን ቆጥረው ያልጨረሱትን ጠመዝማዛ ደረጃ ወጥተን ማማው ላይ ስንደርስ፣ ከተማው፣ ወደቡና ሰማያዊው ባሕር አንድ ላይ ከእግራችን ሥር ተዘረጉ።

ልጃችን እዚያ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ባሕሩን ሲያይ ቆየና፣ «ጠላት ባልመጣ ቀንስ ምን ይሠሩ ነበር?» አለ።

መልሱ በሕንፃው ውስጥ አለ፤ ይሰግዱ ነበር፣ ይማሩ ነበር፣ ይጠብቁ ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በድንበር ላይ ነቅቶ ማደር ያለውን ከፍተኛ ደረጃ ነግረውናል። እሳቸውው ደግሞ ውዱእን አሟልቶ ማድረግን፣ ወደ መስጂድ እርምጃ ማብዛትንና ከአንድ ሶላት በኋላ ቀጣዩን ሶላት መጠበቅን ሪባጥ ብለው ሰይመዋል። ይህን ስንነግረው ልጃችን፣ «ታዲያ እኛም ማድረግ እንችላለን ማለት ነው?» አለን። እንችላለን አልነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ከዚህ ወደብ መከላከያ ብቻ ሳይሆን ዘመቻም ወጥቷል። በ827 እ.ኤ.አ. ወደ ሲሲሊ የሄደው ጦር የተነሳው ከሱሳ ነው። መሪው የቀይረዋን ቃዲ አሰድ ኢብን አልፉራት ነበሩ። በወጣትነታቸው መዲና ሄደው ከኢማም ማሊክ፣ ዒራቅ ሄደው ከኢማም አቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር ከሙሐመድ አሽሸይባኒ የተማሩ ዓሊም ናቸው። በዓመቱ ሰራቁሳን ከበው ሳሉ ሕይወታቸው አልፏል።

ታላቁ መስጂድና የአማን ነገር

ከሪባጡ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በ236 ዓመተ ሂጅራ (851 እ.ኤ.አ.) የተሠራው ታላቁ መስጂድ አለ። ጥግ ጥጉ ላይ ክብ ማማዎች ስላሉት ከውጭ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል። እንደ ሌሎች መስጂዶች ረጅም ሚናራ የለውም። ውስጡ ጸጥ ያለና ጌጥ ያልበዛበት ነው። ዙሁርን እዚያ በጀመዓ ሰገድን።

ከሶላት በኋላ ጥላ ሥር ካረፉ አንድ አዛውንት ጋር በመድረሳ በተማርናት ዐረብኛ ተጨዋወትን። ልጃችን «ዐሚ» ብሎ በአክብሮት ሲጠራቸው ደስ አላቸው። ወሬው ስለ እንግዳ ሲነሳ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ያስታወሱትን እኛም እናውቀው ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2015፣ በረመዳን ወር፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ ከከተማዋ በስተ ሰሜን በሚገኘው የፖርት ኤልቀንጣዊ ባሕር ዳርቻ አንድ መሣሪያ የያዘ ወጣት 38 ሰዎችን ገደለ። ሁሉም ለዕረፍት የመጡ እንግዶች ሲሆኑ ሠላሳው እንግሊዛውያን ነበሩ። ያንኑ ዕለት የአካባቢው የሆቴል ሠራተኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው በእንግዶቹና በገዳዩ መካከል መቆማቸው ተዘግቧል።

በሃይማኖታችን ሕግ በፈቃድ ወደ አገር የገባ እንግዳ አማን አለው፤ ነፍሱና ንብረቱ የተከበረ ነው። ያ ወጣት ይህን አማን አፈረሰ። እነዚያ ሠራተኞች ግን ያለ ጦር መሣሪያ ሌላውን ለመጠበቅ ቆሙ። ልጆቻችን በዚህ ዘመን ስለ ዲናቸው ከየአቅጣጫው ብዙ ነገር ይሰማሉ። የሪባጥን ትርጉም ከወላጆቻቸው አፍ ቢሰሙ ይሻላል ብለን፣ በዚያች ጥላ ሥር ተቀምጠን ይህን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናቸው።

የቀን ጉዞ ወደ ቀይረዋን

ሱሳን መቀመጫ አድርጎ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ የሚቻልባቸው በርካታ ሥፍራዎች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቀይረዋን ናት። የሄድነው ሉዋዥ በሚባለው የጋራ ታክሲ ሲሆን፣ እንደ አገራችን ሚኒባስ ሰው ሲሞላለት ነው የሚነሳው።

ከተማዋን በ50 ዓመተ ሂጅራ (670 እ.ኤ.አ.) የቆረቆሩት ዑቅባ ኢብን ናፊዕ ናቸው። በስማቸው የሚጠራው ታላቅ መስጂድ አሁን ያለውን መልክ በአብዛኛው የያዘው በ836 እ.ኤ.አ. ነው። የመስገጃ አዳራሹን የተሸከሙት ዓምዶች ከጥንት ሮማውያንና ቢዛንታውያን ፍርስራሽ የተሰበሰቡ በመሆናቸው አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም።

እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ግቢው ነው። ወለሉ ወደ መሐል ያዘቀዝቃል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወደ አንድ በጥበብ የተፈለፈለ የእብነ በረድ ማጥለያ ይሰበሰብና፣ ደለሉ እዚያ ቀርቶ የጠራው ከሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። በጉድጓዱ አፍ ላይ ለዘመናት የተጎተተው ገመድ ድንጋዩን ፍቆ ጭረት አውጥቶበታል። ታናሺቱ ጣቷን በአንዱ ጭረት ውስጥ አስገብታ፣ «ስንት ሰው ውዱእ አድርጎ ነው እንዲህ የሆነው?» አለች።

ከከተማው ግንብ ውጭ በ862 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጠናቀቁት የአግለባውያን የውሃ ማጠራቀሚያዎች አሉ። ክብ የሆነው ትልቁ ገንዳ ከዳር እስከ ዳር 128 ሜትር ያህል ይሆናል። ውሃው በመጀመሪያ ወደ ትንሹ ገንዳ ገብቶ ከጠራ በኋላ ወደ ትልቁ ያልፋል።

የዕውቀቱም ነገር እንዲሁ ነበር። አሰድ ኢብን አልፉራት የሰበሰቡትን የፊቅህ ጥያቄና መልስ፣ የቀይረዋኑ ኢማም ሳህኑን ግብፅ ድረስ ይዘው ሄደው፣ ከኢማም ማሊክ ተማሪ ከኢብን አልቃሲም ዘንድ አንድ በአንድ አስተካከሉት። ከዚህ የተገኘው «አልሙደወና» የማሊኪ መዝሀብ ዋነኛ መጽሐፍ ሆነ። ኢማም ሳህኑን በ240 ዓመተ ሂጅራ (854 እ.ኤ.አ.) በዚያችው ከተማ አረፉ።

ለልጆች ደግሞ መቅሩድ አለላቸው። ከሰሚድ ተሠርቶ በውስጡ ተምር የሚደረግበት፣ በዘይት ተጠብሶ በማር የሚነከር ጣፋጭ ነው። ሱሳ እስክንመለስ አንዲትም አልተረፈችም።

ሙነስቲር፣ መህዲያና ኤልጀም

በሁለተኛው ቀን በባሕሩ ዳር በሚሄደው ባቡር ተሳፈርን። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሙነስቲር ከሱሳው ቀድሞ የተመሠረተ ሪባጥ አለ። ያሠሩት በኸሊፋው ሃሩን አልረሺድ ዘመን አገረ ገዢ የነበሩት ሐርሰማ ኢብን አዕየን ሲሆኑ፣ ዓመቱም 180 ዓመተ ሂጅራ (796 እ.ኤ.አ.) ነው።

በዚያው ሐዲድ ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ መህዲያ ትገኛለች። ፋጢማውያን በአሥረኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ወደ ባሕር በገባ ጠባብ ምድር ላይ የቆረቆሯት መዲናቸው ናት። ከጥንቱ ወደብ አጠገብ፣ እስከ ውሃው አፋፍ ድረስ ነጫጭ መቃብሮች ተደርድረዋል። ለሙታኑ ሰላምታ አቅርበን ዱዓ አደረግን። እዚያ ማንም ሳያዝዘው ሁለቱም ልጆቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

በሦስተኛው ቀን ኤልጀም ሄድን። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የሮማውያን ትርዒት ሥፍራ እስከ 35,000 ተመልካች ይይዝ እንደነበር ይገመታል። ግዝፈቱ ያስደንቃል። ሰው ከሰው፣ ሰውም ከአውሬ ሲገዳደል ሕዝብ ለመዝናናት ይሰበሰብበት እንደነበር ስናስብ ግን፣ ያቺ ጠባብ የሪባጥ ክፍል በዓይናችን ተተካች።

የመጨረሻዋ ምሽት

ወደዚያ ለመሄድ ላሰባችሁ ቤተሰቦች ምክራችን ይህ ነው፤ የጠዋቱን ጊዜ ተጠቀሙበት፣ ከሶላት ሰዓት ጋር አስማምታችሁ ውጡ፣ ልጆችን በአንድ ቀን ከአንድ አቅጣጫ በላይ አታንከራትቱ።

በመጨረሻዋ ምሽት መግሪብን በሱሳ ታላቅ መስጂድ ሰገድን። ሰዉ ቀስ በቀስ ወጣ። እኛም ልጃችን እንደ ልማዱ «እንሂድ» እስኪለን ጠበቅን። እሱ ግን ጀርባውን ለዓምዱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጠጋ ብለን ምን እንደሚጠብቅ ብንጠይቀው፣ «ኢሻን» አለን።

እኛም አጠገቡ ተቀመጥን። አልሐምዱሊላህ።